ከኔትወርክ ውጪ ለሚደረግ አደን የትኛው የሳተላይት መልእክት መላኪያ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። አራት ጓደኛሞች ሆነን ኦክቶበር ላይ ለስድስት ቀን ፍላት ቶፕስ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ኤልክ (ትልቁን የአጋዘን ዓይነት) ልናድን ነው። ከመኪናው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ገብተን እንሰፍራለን፤ እዚያ ስልክ አይሠራም። አንዱ ጓደኛችን ‹አይፎን 15 አለኝ፣ ይበቃናል› ይላል። ሌላው ያገለገለ ስፖት በርካሽ አግኝቷል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ጋርሚን ካልያዛችሁ አትሄዱም› ብላለች። የትኛውን እንግዛ? ስንትስ ያስፈልገናል?»

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ አንድ መሣሪያ አይበቃችሁም። አራት ሰው አንድ ላይ ተሰብስቦ ኤልክ አያድንም፤ ጎህ ሳይቀድ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትለያያላችሁ። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ያስፈልጋችኋል። ሁለቱም ጋርሚን ኢንሪች ሚኒ 2 ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ገንዘቡ ከከበዳችሁ አንዱን ዞሊዮ የሚባለው የሌላ ኩባንያ መልእክት መላኪያ አድርጉት። አይፎኑ ተጠባባቂ ሆኖ ይሂድ፣ ዋና ግን አይሁን። ስፖቱን ተዉት። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ ምክንያቱ ከገባችሁ ገበያ ላይ ሌላ ሞዴል ብታገኙም ራሳችሁ መመዘን ትችላላችሁ።

አዳኝ ከእግር ተጓዥ የተለየ ነገር ይፈልጋል። ተጓዥ የታወቀ መንገድ ይዞ ይሄዳል፤ ቢወድቅ ከኋላው የሚመጣ ሰው ያገኘዋል። አዳኝ ግን አውቆ መንገድ ይለቃል፤ ቦርሳውን አውርዶ በሆዱ ይሳባል፤ ሲቀናው በግንባር ባትሪ ብርሃን ስለት ይዞ ይበልታል፤ ከዚያም ያን ሁሉ ተሸክሞ በጨለማ ቁልቁል ይወርዳል። ያደገ ወንድ ኤልክ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አጥንቱ ተለይቶ እንኳ 90 ኪሎ ያህል ሥጋ ሊወጣው ይችላል። ያ ለሁለት ሰው ከአንድ በላይ ምልልስ ነው። እጅ የሚቆረጠውም ቁርጭምጭሚት የሚወለመውም በዚያ ድካም ላይ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቦርሳ ላይ ሳይሆን ሰውነት ላይ ሊታሰር ይችላል? ስልኩ ቢሞትም ብቻውን ኤስኦኤስ (የነፍስ አድን ጥሪ) ይልካል? መልስስ ይቀበላል?

በመጀመሪያ ስለ ሳተላይቶቹ። ሚኒ 2 እና ዞሊዮ የሚሠሩት በኢሪዲየም ነው። 66 ሳተላይቶች ከምድር 780 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ከዋልታ ዋልታ ይዞራሉ። እርስ በርሳቸው ስለሚቀባበሉ በአቅራቢያችሁ የምድር ጣቢያ ባይኖርም መልእክቱ መንገዱን ያገኛል። ስፖትና አይፎን የሚሠሩት በግሎባልስታር ነው። እነዚያ ደግሞ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ላይ ሆነው የተቀበሉትን እዚያው በዚያው ወደ ምድር ጣቢያ ይመልሱታል፤ ስለዚህ ሳተላይቱ እናንተንም ጣቢያውንም በአንድ ጊዜ ማየት አለበት። ኮሎራዶ ላይ ግሎባልስታር ይሠራል፤ ስፖቱን ተዉት ያልኩት በዚህ ምክንያት አይደለም።

የቱንም ብትይዙ መሣሪያው ሰማይ ማየት አለበት። አንድ የኢሪዲየም ሳተላይት በአንዱ አድማስ ወጥቶ በሌላው እስኪጠልቅ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ፍላት ቶፕስ እንደ ስሙ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ ሜዳ። እዚያ ላይ ሆናችሁ የምትልኩት መልእክት በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። ኤልኩ ግን ጠመንጃ መጮህ ሲጀምር ሜዳ ላይ አይቆይም፤ ወደ ጥቅጥቁ የስፕሩስ ጫካና ወደ ገደላማው ሸለቆ ይወርዳል፤ እናንተም ተከትላችሁት ትወርዳላችሁ። ከሸለቆ ውስጥ የሚታየው ሰማይ ጠባብ ነው። ሳተላይቱ በዚያች ጠባብ ሰማይ እስኪያልፍ መጠበቅ ግድ ነው፤ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ዝናብ ወይም በረዶ ያረፈበት ቅርንጫፍ ሲግናሉን ይበልጥ ያዳክመዋል፤ ውሃ ይህን ሞገድ ይውጠዋልና። የሰው ገላም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ መሣሪያውን ከሥሩ ተኝቶበት ወይም የኋላ ኪስ ውስጥ ከትቶ «አይሠራም» የሚል ሰው ችግሩ ከአያያዙ ነው እንጂ ከመሣሪያው አይደለም።

አሁን ወደ ስፖቱ። ስፖት ጄን 4 የሚናገር እንጂ የማይሰማ መሣሪያ ነው። ኤስኦኤስ ብትጫኑ መልእክቱን ደጋግሞ ይልካል፤ ይድረስ አይድረስ ግን መሣሪያው ራሱ አያውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ነፍስ አድን ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሆነ? ስንት ሰው? መራመድ ይችላል? ደሙ ቆሟል?» ብሎ ነው። በአንድ ወገን መሣሪያ ይህን መመለስ አይቻልም። የተሰበረ እግርና የተቆረጠ የደም ሥር በአንድ ዓይነት ቁልፍ ይላካሉ፤ የሚመጣው ቡድንም ምን ይዞ እንደሚመጣ ሳያውቅ ይነሳል። በሁለት ወገን መሣሪያ ግን «ቡድኑ ከመኪና ማቆሚያው ተነስቷል፣ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል፣ በሽተኛውን አታንቀሳቅሱት» የሚል መልስ ይመጣል። ተራራ ላይ ለሚጠብቅ ሰው ይህ መልስ ራሱ ሕክምና ነው። በዚያ ላይ ያገለገለ መሣሪያ ሌላ ጣጣ አለው፦ የቀድሞው ባለቤት ከራሱ አካውንት ካላወጣው በእናንተ ስም ላይከፈት ይችላል። ያገለገለ ኢንሪችም ብትገዙ ያው ነው፤ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ እፊታችሁ ከአካውንቱ ያውጣው፣ እናንተም እዚያው በስማችሁ አስመዝግቡት።

ሚኒ 2 ክብደቱ 100 ግራም ነው። ሲወጣ ዋጋው 400 ዶላር ነበር፤ በቅናሽ ጊዜ ከዚያ ወርዶ ይገኛል። ከጎኑ በክዳን የተሸፈነ የኤስኦኤስ ቁልፍ አለው። ትንሽ ስክሪንም ስላለው ስልኩ ቢሞት የመጣውን መልእክት ታነቡበታላችሁ፤ ፊደል በፊደል እየመረጡ መጻፍ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ይቻላል። የመጣችሁበትን ዱካ እያሳየም ወደ ካምፕ ይመልሳችኋል። በየአሥር ደቂቃው ያላችሁበትን ቦታ እየላከ፣ ሰማዩ ክፍት ሆኖ፣ ባትሪው እስከ 14 ቀን እንደሚቆይ ፋብሪካው ይናገራል። ጫካ ውስጥ ግን ሳተላይት ፍለጋ ሲደክም ስለሚውል በዚያ ቁጥር አትተማመኑ፤ ለስድስት ቀን አንድ ጊዜ ቻርጅ እንደሚፈልግ አድርጋችሁ አስቡ።

የዚሁ ኩባንያ ኢንሪች ሜሴንጀር ሲወጣ 300 ዶላር ነበር። 114 ግራም ነው፣ ባትሪው እስከ 28 ቀን ይባልለታል፣ በዩኤስቢ-ሲ ገመድ ስልክን በጥቂቱ ቻርጅ ማድረግም ይችላል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ያለ ስልክ ረዘም ያለ መልእክት ለመጻፍ አይመችም፤ ሚኒ 2ን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። ዞሊዮ 150 ግራም ነው፣ ዋጋውም ከሁለቱ ያነሰ ነው። የራሱ ስልክ ቁጥርና ኢሜይል ስለሚሰጣችሁ ቤተሰብ እንደ ተራ ቴክስት ይጽፍላችኋል። ኔትወርክ ስታገኙ መልእክቱ በስልክ መሥመር፣ ስታጡ በሳተላይት ይሄዳል። ጉድለቱ ስክሪን የሌለው መሆኑ ነው። ስልክ ከሌለ የቀረላችሁ የኤስኦኤስና የ«ደህና ነኝ» ቁልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ዞሊዮ ከገዛችሁ ስልኩ ባትሪ ባለው፣ ፓወር ባንክም በያዘ ሰው እጅ ይሁን።

አይፎኑን ንቄው አይደለም። ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት ሁሉ በሳተላይት የአደጋ ጥሪ ያደርጋሉ። አይኦኤስ 18 ከተጫነባቸው ደግሞ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ተራ መልእክትም ይልካሉ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ስልኩን በእጃችሁ ይዛችሁ ስክሪኑ ወደሚያሳያችሁ የሰማይ አቅጣጫ ማነጣጠር አለባችሁ፤ እጁ የተሰበረ ወይም ዛፍ ሥር የወደቀ ሰው ይህን ያደርጋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። አፕል ራሱ ስልኩ የሚሠራበትን የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ብሎ ነው የወሰነው። ኦክቶበር ላይ በዚያ ከፍታ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሚኒ 2 እስከ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ድረስ ይሠራል ተብሎ የተሠራ ነው። ያው ስልክ ካርታችሁ፣ ካሜራችሁና አንዳንዴም የእጅ ባትሪያችሁ ሆኖ ስለሚውል ማታ ላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ደክሞ ይገኛል። ቲ-ሞባይል ከስታርሊንክ ጋር በ2025 የጀመረው የሳተላይት ቴክስትም እንዲሁ ጥሩ ተጠባባቂ ነው፤ ከዚያ በላይ አትቁጠሩት።

ወርሃዊ ክፍያ አልፈልግም ለሚል ፒኤልቢ የሚባለው የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያ አለ። በ406 ሜጋኸርዝ 5 ዋት ያህል ኃይል ይለቃል፤ ከእነዚህ ሁሉ የበረታ ሲግናል ያለው እሱ ነው። ሲከፈት ቢያንስ 24 ሰዓት ያስተላልፋል፣ በ121.5 ሜጋኸርዝም ፈላጊዎቹን ወደ ራሱ ይመራል። ምዝገባው ኖኣ በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የውቅያኖስና የአየር መሥሪያ ቤት ዘንድ በነጻ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ነገር ግን «ሥጋ አግኝተናል፣ አንድ ቀን እንዘገያለን» ብሎ መላክ አይችልም፣ የተጻፈ መልስም አያመጣም። ብቻውን ለሚያድን ሰው ከኢንሪች ላይ እንዲደረብ እመክራለሁ፤ ለአራታችሁ ግን ሁለተኛው ኢንሪች ይቀድማል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ጋርሚን በ2024 ባወጣው ታሪፍ መካከለኛው ጥቅል በወር 15 ዶላር ገደማ ሆኖ 50 መልእክት ይይዛል፤ ማስጀመሪያው 40 ዶላር ነው። ከወቅቱ በኋላ ወደ 8 ዶላሩ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ዞሊዮ 20 ዶላር ለ25 መልእክት፣ 35 ዶላር ለ250 መልእክት ያስከፍላል፤ አካሄዳችሁን ቤተሰብ እንዲከታተል ከፈለጋችሁ ተጨማሪ 6 ዶላር አለው። ታሪፍ ስለሚለዋወጥ ከመግዛታችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን ተመልከቱ። አንድ ነገር ግን አይለወጥም፦ ጥቅሉ ካልተከፈለ ኤስኦኤሱም አይሠራም። ባለፈው ዓመት ገዝቶ፣ ጥቅሉን ዘግቶ፣ ዘንድሮ እንዳለ ይዞት የሚወጣ ሰው ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው ጌጥ ነው።

ከቤት ሳትወጡ የሚሠራው ሥራ ግዢውን ያህል ከባድ ነው፤ ከመነሻው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። መጀመሪያ መሣሪያውን በስማችሁ አስመዝግቡና ጥቅሉን ክፈቱ። አካውንቱ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ሁለት ሰው አስገቡ፤ ሁለቱም ተራራ የማይወጡ፣ ስልካቸውን ሌሊትም የሚያነሱ ይሁኑ። ባልና ሚስት አንድ ላይ አብረው ለአደን ቢወጡ እርስ በርሳቸው ተጠሪ መሆናቸው ዋጋ የለውም። የደም ዓይነት፣ የመድኃኒት አለርጂ፣ ስኳርና ደም ግፊት ካለ ይጻፍ። ከዚያ አፑን የሁለቱ ጥንድ ስልኮች ላይ ጫኑ፣ በብሉቱዝ አገናኙ፣ የመሣሪያውን ሶፍትዌር አድሱ። መኪና ማቆሚያው ስትደርሱ አፑ «እንደገና ግቡ» ቢላችሁና ኔትወርክ ባይኖር ጉዟችሁ ያለ አፕ ይሆናል። የሰፈሩንም ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አድርጋችሁ አውርዱ።

ኢንሪች ላይ ከቤት ቀድመው የሚዘጋጁ ሦስት መልእክቶች አሉ፤ በደንብ አስቡባቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትልኩት እነሱን ነው። አንደኛው «ካምፕ ነን፣ ሁላችንም ደህና»፣ ሁለተኛው «እንዘገያለን፣ ችግር የለም»፣ ሦስተኛው «ወደ መኪናው እየወጣን ነው» ቢሆን ይበቃል። የሚደርሳቸውን ሰዎች ስልክም ኢሜይልም አስገቡ። አዲስ አበባ ላለች እናት ወይም እህት ደግሞ ኢሜይሉን አስቀድሙ፤ ከውጭ አገር ቁጥር የሚገባ ቴክስት ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ቴክስት በአንድ ክፍል የሚይዘው 70 ቁምፊ ብቻ ነው፣ በላቲን 160 ሲሆን። ስለዚህ ለቤተሰብ አማርኛውን በላቲን ፊደል፣ ለነፍስ አድኑ ደግሞ በእንግሊዝኛ ጻፉ።

መሣሪያው ነፍስ ማዳን አለማዳኑን የሚቀመጥበት ቦታ ብቻውን ሊወስን ይችላል። ሱቅ ውስጥ በካራቢነር (በማንጠልጠያ ቀለበት) ቦርሳ ላይ አንጠልጥለው ያሳዩአችኋል፤ ለአዳኝ ይህ ስህተት ነው። ኤልክ ስታዩ ቦርሳውን ታወርዳላችሁ፣ ሦስት መቶ ሜትር ትሳባላችሁ፣ እዚያ ብትወድቁ መሣሪያው ከኋላችሁ ነው። ቦታው የቢኖኩላር ማሰሪያው የግራ ትከሻ ማንገቻ ነው፣ ጠመንጃ በግራ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ደግሞ በቀኙ ያድርገው። አንቴናው ወደ ሰማይ ቆሞ፣ ከማንገቻው ጋር ጠበቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ላይ ታች እንዳይል ከታችም በአንድ ላስቲክ ይያዝ። ከዚያ ሙከራ አድርጉ፦ ቤት ውስጥ ጓንታችሁን አድርጉ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ቀኝ እጃችሁን ከጀርባ ያዙ፣ በግራ እጅ ብቻ የኤስኦኤሱን ክዳን ፈልጋችሁ ለመክፈት ሞክሩ። ክዳኑን ብቻ ነው፤ ቁልፉን አትጫኑ። በአንደኛው እጅ ከቻላችሁ በሌላውም ድገሙት። የማትደርሱበት ከሆነ ቦታው ልክ አይደለምና ቀይሩት። ድምፁንም እዚያው አጥፉ፤ መልእክት ሲገባ ጢው ብሎ ኤልኩን የሚያስበረግግ መሣሪያ ሁለተኛው ቀን ላይ ተዘግቶ ቦርሳ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የለም ማለት ነው።

ሌሊት መሣሪያው፣ ስልኩና ፓወር ባንኩ ከእናንተ ጋር የመኝታ ከረጢት ውስጥ ይደሩ። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ይወርዳል፤ ሲሞቅ አብዛኛው ይመለሳል። ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ ማድረግ ግን ባትሪውን ይጎዳል፤ መጀመሪያ ብብታችሁ ሥር አሙቁት። ለሁለት ሰው አንድ 10,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ፓወር ባንክና ሁለት ገመድ ይበቃል። ገመድ የሚበላሸው ጫፉ ላይ ስለሆነ ሁለተኛው ትርፍ አይደለም።

እቤት የሚቀረው ሰው የመሣሪያው ግማሽ ነው። ለባለቤትዎ አንድ ወረቀት ጽፈው ይተዉላቸው፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፍ። የአራታችሁ ሙሉ ስም፣ የመኪናው ሰሌዳና ቀለም፣ መኪናው የቆመበት የመንገድ መነሻ ስም፣ የካምፑ ጂፒኤስ ቁጥር፣ የሁለቱ ጥንድ የማደኛ አቅጣጫ፣ የድንኳኑ ቀለም፣ የምትመለሱበት ቀንና ሰዓት። ፍላት ቶፕስ ከአንድ ካውንቲ በላይ ያካልላል፤ ከፊሉ ጋርፊልድ፣ ከፊሉ ሪዮ ብላንኮ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ የፍለጋና የነፍስ አድን ኃላፊነቱ የካውንቲው ሸሪፍ ስለሆነ ካምፓችሁ የትኛው ውስጥ እንዳለ አጣርታችሁ የዚያን ሸሪፍ ቢሮ ስልክ ጻፉላቸው። አውሮራ ሆነው 911 ቢደውሉ የሚያነሳው የአውሮራው ማዕከል ነው፤ ያሸጋግራቸዋል፣ ግን ጊዜ ይሄዳል።

ሰዓት አጻጻፍ ላይ በጣም ተጠንቀቁ፤ እኛ ዘንድ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ካልጻፍን ደውይ» ብሎ ወረቀት ላይ የተተወ ቃል ለአንዱ 9 ፒ.ኤም ነው፣ ለሌላው ደግሞ ሌሊት 3 ኤ.ኤም። ሸሪፉም የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። በወረቀቱ ላይ «9 ፒ.ኤም» ብላችሁ፣ ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። ደንቡንም አስቀምጡ፦ በየማታው እስከ 9 ፒ.ኤም አንድ መልእክት ይመጣል። አንድ ማታ ከቀረ አትደንግጡ፣ ጫካ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። በማግሥቱ እኩለ ቀን ድረስም ከሁለቱም መሣሪያ ካልመጣ ለሸሪፉ ይደወላል። ያለዚህ ደንብ አንዱ ቤተሰብ በአንድ ሰዓት መዘግየት ሄሊኮፕተር ያስነሳል፣ ሌላው ደግሞ «ይመጣሉ» እያለ ሁለት ቀን ያሳልፋል።

በሁለቱ ጥንድ መካከል መልእክት መላላክ ይቻላል። ነገር ግን መልእክቱ ወደ ሰማይ ሄዶ የሚመለስ ስለሆነ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ እንደ መገናኛ ራዲዮ አትቁጠሩት። ሕጉንም አስቡ። እንደ ሞንታና ያሉ ግዛቶች አውሬን ለማደን በሁለት ወገን ኤሌክትሮኒክ መገናኛ መጠቀምን ይከለክላሉ፤ መያዙን ግን አይከለክሉም። የምታድኑበትን ግዛት የዓመቱን ደንብ አንብቡ፤ መሣሪያውንም ለደኅንነትና ለቤተሰብ ብቻ አውሉት።

ኤስኦኤስ መቼ ይጫናል? ሕይወት፣ እግር ወይም እጅ፣ ወይም ዓይን አደጋ ላይ ሲሆንና በራሳችሁ መውጣት ሳትችሉ ስትቀሩ። የማይቆም ደም፣ መቆም የማያስችል ስብራት፣ የደረት ሕመም፣ ከቅዝቃዜ የተነሳ መቀባጠር፣ ተኝቶ የማይቀንስ የትንፋሽ ማጠር ከአረፋማ ሳል ጋር። የመጨረሻው ከፍታው ሳንባ ላይ ያመጣው በሽታ ሊሆን ስለሚችል እርዳታ እየጠበቃችሁም ቢሆን ወደታች አውርዱት። ኤልኩ ሩቅ ወድቆ ሸክሙ ከበዳችሁ ማለት ግን ኤስኦኤስ አይደለም፤ እሱ በተራ መልእክት ጓደኛ የሚጠራበት ነው።

ሚኒ 2 ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው። ክዳኑን ታነሳላችሁ፣ ቁልፉን ጠበቅ አድርጋችሁ ተጭናችሁ ትቆያላችሁ፣ ስክሪኑ ወደኋላ መቁጠር ይጀምራል። በስህተት ከሆነ ያኔ ትሰርዙታላችሁ። ካለቀ በኋላ ጥሪው ቴክሳስ፣ ሞንትጎመሪ ወዳለው የጋርሚን ማዕከል ይገባል፤ እነሱ ለሸሪፉ ያሳውቃሉ። ለመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ያላችሁበትን ቦታ በየደቂቃው ይልካል። ከዚያ ባትሪ ለመቆጠብ ስትንቀሳቀሱ በየአሥር፣ ስትቆሙ በየሠላሳ ደቂቃው ይሆናል። ስለዚህ ከጫናችሁ በኋላ አትዙሩ፣ አታጥፉት፤ አጠገባችሁ ባለ ግልጥ ቦታ ድንጋይ ወይም ግንድ ላይ አቁሙት። በሽተኛው ጫካ ውስጥ ከሆነ መሣሪያው ሃያ ሜትር ወጣ ብሎ ሰማይ ይይ፣ አንድ ሰው ከእሱ ጋር ይሁን።

የመጀመሪያው መልእክት ታሪክ አይሁን። ይዘቱ በእንግሊዝኛ ይህን ይመስላል፦ «ወንድ፣ 41 ዓመት። በቢላዋ የግራ ጭኑ ተቆርጧል፣ ደሙ ብዙ ነው። ቱርኒኬ በ4:20 ፒ.ኤም ታስሯል። ንቁ ነው፣ መራመድ አይችልም። ሁለት ሰዎች ነን። ብርቱካናማ ሸራ ሜዳው ጠርዝ ላይ ዘርግተናል።» ቱርኒኬ፣ ማለትም ደም ለማቆም ጠብቆ የሚታሰረው ማሰሪያ፣ የታሰረበት ሰዓት ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው፤ ግንባሩ ላይ ወይም ቆዳው ላይ በማርከር ጻፉት። ጠመንጃዎቹን ጥይታቸውን አውጥታችሁ ለብቻቸው አስቀምጡ፤ ቡድኑ ሲደርስም ይህንን ንገሯቸው። የጠመንጃ አዳኝ በኮሎራዶ ሕግ የሚለብሰውን ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ አታውልቁት፤ ከላይ ለሚመጣ ሰው የሚታየው እሱ ነው።

ብዙ ሰው ክፍያ ፈርቶ ቁልፉን ያዘገያል። ኮሎራዶ ውስጥ የፍለጋና ነፍስ አድን ቡድኖች አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ለማዳኑም ሒሳብ አያቀርቡም። የአደን ፈቃድ ስትገዙ ለነፍስ አድኑ ፈንድ የምትከፍሉት ትንሽ ገንዘብ እዚያው ውስጥ ተካቷል። የሕክምና ሄሊኮፕተር ግን ሌላ ነው፤ እሱ እንደ አምቡላንስ ስለሚያስከፍል የጤና ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍን እንደሆነ አሁኑኑ ደውላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙዎቻችሁ ወደ አገር ቤት ስለምትመላለሱ። የሳተላይት መገናኛ ኢትዮጵያ ውስጥ ፈቃድ የሚጠየቅበት ዕቃ ነው። «ትንሽ ናት፣ ማን ያያታል» ብሎ ሻንጣ ውስጥ ጥሎ ቦሌ መድረስ መወረስን፣ ከዚያም የከፋ ጣጣን ሊያመጣ ይችላል። መውሰድ ካስፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ጠይቁ፤ ካልሆነ አውሮራ ይቆይ።

ለዘንድሮው ጉዞ የሚቀረው ሙከራው ነው። ከመነሻችሁ በፊት ያለው ቅዳሜ ሁለቱን መሣሪያዎች ይዛችሁ ግልጥ ያለ ፓርክ ውስጥ ቁሙ፣ የስልካችሁን ኔትወርክና ዋይፋይ ዝጉ፣ ሦስቱን የተዘጋጁ መልእክቶች በየተራ ላኩ። ባለቤትዎ መልስ ይጻፉ፤ መልሱ ስክሪኑ ላይ እስኪነበብ ጠብቁ። ከዚያ አንዱን ስልክ ሙሉ በሙሉ አጥፉና በመሣሪያው ብቻ ድገሙት። ሁለተኛው ሙከራ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ «ደርሰናል፣ ልንገባ ነው» ብላችሁ ላኩ፣ ከቤት መልስ ሳይመጣ መኪናውን ቆልፋችሁ አትሂዱ።